በልጄ አፍ የማይነገር ሕመም

ያን የበረዶ ክረምት፣ ስቶክሆልም ዳር ባለችው ቬሊንግቢ መሐል በሚገኘው ትልቅ ሱቅ ውስጥ ባዶ ጋሪ እየገፋሁ እመላለስ ነበር። ቀጥ ብዬ ስራመድ ከመቀመጫዬ እስከ እግሬ ጣት ድረስ እሳት የመሰለ ነገር ይወርድብኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እግሮቼ ይደነዝዙና የሌላ ሰው እግር ይሆኑብኛል። ጎንበስ ስል ግን ይተወኛል። የሱቅ ጋሪ ደገፍ ብለው ሲገፉት ሳያስነቃ ያስጎነብሳል። የሚያየኝ ሰው ዕቃ የሚመርጥ እንጂ መራመድ ያቃተው አይመስለውም። ሐኪም ቤት አረጋውያን የሚገፉትን ባለ ጎማ መደገፊያ ሊሰጡኝ ሲሉ “እኔ? ገና ነኝ” ብዬ ስቄ ነበር የወጣሁት። ስለዚህ ከሥራ መልስ ወደ ሱቁ እገባና በወተቱና በሳሙናው መደርደሪያ መካከል እግሬን አፍታታለሁ።

አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ድንገት ከፊቴ ቆመች። መጀመሪያ ጋሪውን አየች፣ ቀጥላ እኔን።

“ጋሼ! ገና መግባትህ ነው?”

“አዎ፣ ገና መግባቴ ነው” አልኩና እጄ ያገኘውን አንስቼ ጋሪው ውስጥ ጣልኩ። የድመት ምግብ ነበር። ድመት የለንም። እሷ ግን ጨዋታ ይዛ አብራኝ መሄድ ጀመረች፤ እኔም እያወራሁ ጋሪውን መሙላት ያዝኩ። ተሰናብታኝ ስትሄድ ሁሉንም ወደየመደርደሪያው መለስኩ። ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ፣ የሰረቀውን እንደሚመልስ ሌባ።

አገሬ ሳለሁ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን አሰልፌ “ደረት ወደፊት! ወገብ ቀጥ!” እያልኩ ስጮህ ድምፄ አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። በሱዳን በኩል ወጥቼ ስቶክሆልም ከገባሁ በኋላ አውቶቡስ ነዳሁ። ሥራውን ወድጄው ነበር። ሕመሙ ሲመጣ ደግሞ የባሰውን ግራ አጋባኝ፤ መሪው ላይ ስቀመጥ ምንም አይሰማኝምና። ከመኪና ማቆሚያው እስከ አውቶቡሱ ያለችውን መንገድ ለመሄድ ግን ሁለት ቦታ ቆሜ የጫማዬን ክር የማስር መምሰል ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ ደህና ሆኖ ሲነዳ የዋለ ሰው “መሄድ አልችልም” ቢል ማን ያምነዋል? እኔ ራሴ ሌላ ሰው ቢነግረኝ “ሥራ ጠልቶ ነው” እል ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ።

በመጨረሻ የአከርካሪ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ስዊድንኛዬ ለአውቶቡስ ይበቃል፤ ለአከርካሪ አይበቃም። ባለቤቴ ቶልክ፣ አስተርጓሚ ማለት ነው፣ እንድጠይቅ ለመነችኝ።

“እዚህ ከተማ ያለነው አበሾች ስንት ነን?” አልኳት። “የሚመጣው ቶልክ እኔን ባያውቀኝ አንቺን ያውቅሻል። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ስለ ወገቤ ያወራል። ልጅቷ ትወስደኛለች።”

ልጃችን ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። እዚህ ነው የተወለደችው። አማርኛ እናወራታለን፣ በስዊድንኛ ትመልስልናለች፤ ቤታችን በዚህ ዓይነት ነው የኖረው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። የአከርካሪዬን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አውጥታ በብዕሯ ጫፍ እያሳየች ታስረዳለች፤ ልጄ ደግሞ ቃል እየጠፋት፣ ግማሹን በእጇ እየሠራች ታስተረጉማለች።

“አባዬ፣ እዚህ በአጥንቱ መካከል ትራስ ነገር አለ አይደል? እሱ ደርቋል። አልቋል። አጥንቱ ደግሞ አድጓል… እና ነርቩ የሚያልፍበት ቱቦ ጠበበ። ቀጥ ስትል ይታፈናል፣ ጎንበስ ስትል ይከፈታል።”

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር አለች።

“አንተ ምን ትፈልጋለህ? ትላለች” አለች ልጄ።

“እኔ ምን አውቄ? ሐኪሟ እሷ አይደለችም እንዴ? ኦፕራሲዮን ካስፈለገ ያስፈልጋል፣ ካላስፈለገ አያስፈልግም ትበለኝ።”

“እንደዚያ ብዬ አልነግራትም፣ ፒንሳምት ነው” አለችኝ። ያሳፍራል ማለቷ ነው።

ሐኪሟ ግን ገብቷት ፈገግ አለች። ኦፕራሲዮኑ እግሬን ሊረዳው እንደሚችል፣ ለወገቤ ሕመም ግን ቃል መግባት እንደማትችል፣ አደጋም እንዳለው፣ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ ውሳኔው የኔ መሆኑን በልጄ አፍ ነገረችኝ። ቀጥላ የሚያስቸኩል ነገር መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ጥያቄ ጀመረች። ልጄ ሰማቻት። አንገቷን ደፋች። የምትፈልገውን ቃል በአማርኛ አታውቀውም፤ ማን አስተምሯት? በመጨረሻ ሕፃን ሳለች እኔው ያስተማርኳትን ቃል አመጣች።

“አባዬ… ሺሺ ያመልጥሃል ወይ ትላለች።”

እውነቱን ለመናገር ከገና ጀምሮ ያመልጠኝ ነበር። ስስልና ስስቅ፣ አንዳንዴም እንዲያው ቆሜ። ውስጥ ሱሪዬ ውስጥ የታጠፈ ሶፍት አደርግ ነበር። በጭኖቼ መካከል ያለው ሥጋ ደንዝዞ፣ ስታጠብ የራሴን እጅ ደህና አድርጌ አላውቀውም። ይህን ሁሉ ለዚህች ልጅ? እየያዝኩ ፖፖ ላይ ላስቀመጥኳት?

“ምንም የለም በያት” አልኩ።

ሐኪሟ ሌላም ጥያቄ ጠየቀች። ልጄ ያንን ጭራሽ አልተረጎመችውም፤ ራሷ በስዊድንኛ አጭር መልስ ሰጠቻት። ምን እንደተጠየቀ ገብቶኛል። ሁለታችንም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አጥንት አፍጥጠን አየን።

“ሽንት ማምለጥ ወይም መደንዘዝ ከጀመረህ በዚያው ቀን ና ትላለች። ነገ አትበል። በዚያው ቀን።”

“እሺ በያት” አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የምክር ሳምንታት ነበሩ። “ቢላዋ የነካው ወገብ ለሰው አይሆንም” አለኝ አንዱ። ካህኑ ጸበል ተጠመቅ ካሉኝ በኋላ “ሐኪምም እኮ እግዚአብሔር ነው የፈጠረው” ብለው ጨመሩበት፤ እኔ የፊተኛውን ብቻ ሰማሁ። ሁሉም የሚጠራት አንዲት ሴት ደግሞ አለች። ሶለንቱና የሚባለው ሰፈር የምትኖር፣ ወገቧን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሽባ ሆና ቀረች የምትባል።

“ሄደን እንያት” አለች ባለቤቴ።

ሄድን። የቤቱን ደወል ስንደውል በሩን የከፈቱልን ከኛ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት፣ በሁለት እግራቸው ቆመው ነበር።

“ሽባዋን ልታዩ ነው የመጣችሁ? ግቡ፣ ግቡ!” ብለው ሳቁ።

ደነገጥኩ። ባለቤቴ ግን አብራቸው ሳቀች። ሻይ አፍልተው እየቀዱልን “ለመዳን ቤቴ ተኝቼ ከቤተ ክርስቲያን ብጠፋ ሽባ አድርገውኝ ቆዩኝ” አሉ።

“እንዴት ነው እትዬ፣ ተሻለዎት?” አልኳቸው።

“እግሬ ተመልሶልኛል። አሁን ባቡር ጣቢያ ድረስ በእግሬ ነው የምሄደው። ወገቤን ከጠየቅከኝ ግን ያው ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቅ እንጨት ነው የምነሳው።”

“ታዲያ እንዴት ወሰኑ?”

“የምን መወሰን! ፈርቼ ፈርቼ ፍርሃቱ ሲሰለቸኝ ገባሁ እንጂ” አሉኝ። ቀጥለው አንድ ነገር ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፍተው ባለቤቴን አዩና ተዉት። ጥያቄውን ያወቅሁት መሰለኝ። ሰዓቴን አየሁ፣ ቶሎ ተነሳን።

ባቡሩ ውስጥ ባለቤቴ “ሰማህ?” አለችኝ።

“ሰማሁ። ወገቧ አልዳነም አለች።”

መስኮቱን ማየት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ እሷ ነበረች። ልብሴንም የምታጥበው እሷ ናት። ምን እንደምታውቅ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ልጃችን ትምህርት የምትጨርስበት ቀን ደረሰ። እዚህ አገር ያ ቀን ከሠርግ አያንስም። ተመራቂዎቹ ነጭ ኮፍያ አድርገው ከትምህርት ቤቱ በር እየጮኹ ሮጠው ይወጣሉ፤ ቤተሰብ ደግሞ የልጁ የሕፃንነት ፎቶ የተለጠፈበትን ሰሌዳ በረጅም እንጨት ከፍ አድርጎ ግቢው ውስጥ ይጠብቃል፣ ልጁ በሕዝቡ መካከል የራሱን ሰው እንዲያገኝ። ከዚያ በቅጠል የተሸፈነ የጭነት መኪና ላይ ተጭነው፣ ሙዚቃ እያስጮኹና እየጨፈሩ ከተማውን ይዞራሉ። ልጄ ስለዚያ መኪና ዓመቱን ሙሉ ነበር የምታወራው።

ሰሌዳውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለቀኑ ብዬ ነጣ ያለ ግራጫ ሱፍ ለብሻለሁ። ባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን ደርባለች።

“ለኔ ስጠኝ፣ አንተ እዚያ ግንቡ ላይ አረፍ በል” አለችኝ።

“ሌሎቹ አባቶች ሁሉ ቆመው አይደል?” አልኳት።

በሩ ሊከፈት ዘገየ። ሰሌዳውን ከፍ ለማድረግ ቀጥ ማለት አለብኝ፤ ቀጥ ማለት ደግሞ ለኔ መርዝ ነው። መጀመሪያ እሳቱ መጣ። ቀጥሎ ድንዛዜው። እግሮቼ ከሥሬ የሌሉ ያህል ሆኑ። እጄን አላወረድኩም። በሩ ተከፍቶ ሙዚቃው ሲጀምርና ሕዝቡ ሲጮህ፣ ጭኔ ላይ የሆነ ነገር ሞቀኝ። ቁልቁል ሳይ ግራጫው ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጠቁሯል።

ከጎኔ የነበረችው ስዊድናዊት ሴት አየችና ፊቷን ቶሎ አዞረች። በጨዋነት ነበር ያዞረችው። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

 ባለቤቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና ከኮቴ በላይ ወገቤ ላይ ጠምጥማ አጥብቃ አሰረችው፤ ጫፉን ወደፊት ጣለችልኝ። የሚያየን ሰው ታቦት ፊት ያደገደግሁ እንዲመስለው።

ልጄ ሰሌዳውን አይታ እየሮጠች መጣችና ልታቅፈኝ ዘለለች። ሽታው እንዳይደርሳት ብዬ በሁለት እጄ ትከሻዋን ይዤ ራቅ አደረግኋት። “እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ” እላለሁ፤ እጄ ግን እየገፋት ነው። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ቆመ። ነጠላውን አየች። ከዚያ ጫማዬን አየች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች፣ በአማርኛ።

“ዛሬ ነው። ብዙ ስለቆምኩ ነው።”

“ከገና ጀምሮ ነው” አለች ባለቤቴ።

ዞሬ አየኋት። ዓይኗን አልሰበረችም።

የጭነት መኪናው ከግቢው ውጭ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። ጓደኞቿ ከላይ ሆነው በስሟ ይጠሯታል።

“ሂጂ፣ እየጠበቁሽ ነው” አልኳት። “ነገ ጠዋት በመጀመሪያ እንሄዳለን። ቃሌን እሰጥሻለሁ።”

“በዚያው ቀን ነው ያለችው።”

ወደ መኪናው ሄደች። ወደ ላይ ቀና ብላ አንድ ነገር ነገረቻቸውና ተመለሰች። መኪናው ሙዚቃውን እያስጮኸ ያለ እሷ ሄደ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሳፍሮኛል። የዚያን መኪና መሄድ ቆሞ እንደ ማየት ግን ያሳፈረኝ የለም።

ባለቤቴ ለደስታው የጠራቻቸውን እንግዶች ስልክ እየደወለች መለሰቻቸው። እኔ ሐኪም ቤቱ የሰጠኝን ሱሪ ለብሼ በድንገተኛ ክፍሉ መጠበቂያ ተቀመጥኩ፤ ልጄ በነጭ ቀሚሷና በነጭ ኮፍያዋ ከጎኔ ነበረች። ኮፍያውን ያየ የማናውቀው ሁሉ፣ ክንዱ የተሰበረው ሳይቀር፣ “እንኳን ደስ አለሽ!” ይላታል። እሷ ለእያንዳንዱ ታመሰግናለች።

የተረኛው ሐኪም ረጅም ሰው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ገብተን ጥያቄውን ሲጀምር ልጄ “አባዬ…” ብላ ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ ውጪልኝ” አልኳት። “ቶልክ ያምጡልኝ።”

በስልክ ነበር የሚያገናኙት። ሐኪሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው አስተርጓሚዎ እኔ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም።”

ድምፁን አወቅሁት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚያነብልን ጎልማሳ ነው። ከማንበቡ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግበት ልማድ አለው፤ አሁንም ጠረገ። እዚያ “ጋሼ” ይለኛል፣ እኔም “አንተ” እለዋለሁ። ስሜን ከሐኪሙ ሲሰማ እሱም አውቆኛል።

አፌን ለመዋሸት ነበር የከፈትኩት። ምንም የለም፣ ዛሬ ብቻ ነው ልል። በበሩ መስታወት በኩል ነጩ ኮፍያ ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ ታየኝ።

“ከገና ጀምሮ ሽንቴን አልቆጣጠርም” አልኩ።

እሱም ተረጎመው። ሐኪሙ ስለ ሰገራ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ስለ ድንዛዜው ጠየቀኝ፣ የት የት እንደሆነ ነገርኩት። ልጄ ያልተረጎመችውንም ጠየቀኝ፤ ያ ሰው “ከባለቤትዎ ጋር ግንኙነት ማድረግ ይችላሉ ወይ?” ብሎ የመኪና ማቆሚያ ማስታወቂያ በሚያነብበት ድምፅ ጠየቀኝ። “አልችልም” አልኩ። ፊቴ ነደደ፤ ስልኩን ማየት አቃተኝ፣ ዓይን ያለው ይመስል። ከዚያ ሐኪሙ በጎኔ አስተኝቶ በጣቱ መረመረኝ። 

ተነስቼ ስቀመጥ ሐኪሙ “ከእንግዲህ መጠበቅ አልመክርህም፤ ግን የምትወስነው አንተ ነህ” አለኝ በአስተርጓሚው አፍ።

“አባትህ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር በሉልኝ” አልኩ። ያን ሰው አንቱ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

“አባቴ ቢሆን አሁኑኑ አስተኛዋለሁ፤ እሱም ቢሆን ግን እሺ ማለት አለበት ይላሉ።”

“ሽንቴ ይመለሳል?”

ሐኪሙ በአስተርጓሚው በኩል መለሰልኝ። “ምናልባት። ለረጅም ጊዜ የታፈነ ነርቭ ላይመለስም ይችላል።”

ከገና ወዲህ ያሉት ወራት ትዝ አሉኝ። ባዶ ጋሪ ስገፋ፣ ሶፍት ሳጥፍ፣ “ምንም የለም በያት” ስል ያለፉት። ሁሉም ነገር ልጄ እንዳትሰማ ነበር፤ ልጄ ደግሞ ከሁሉ የባሰውን ግቢ ሙሉ ሕዝብ ፊት አየችው።

“እሺ” አልኩ።

ሐኪሙ አመስግኖ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ያ ድምፅ እንደገና መጣ። “እግዚአብሔር ይማርዎት” አለ፤ ይህ ከሐኪሙ የመጣ አልነበረም። ተዘጋ።

ኦፕራሲዮኑ በማግሥቱ ተደረገልኝ። እግሮቼ ተመልሰውልኛል፤ በነሐሴ መጨረሻ ከቤታችን ተነስቼ ሐይቁ ዳር ድረስ ቀጥ ብዬ ሄጃለሁ። ወገቤ፣ የሶለንቱናዋ ሴትዮ እንዳሉት፣ ያው ነው። የቀረው ነገር ግማሹ ተመልሷል፣ ግማሹ አልተመለሰም። ሶፍቱን ትቼ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠውን የአዋቂ ዳይፐር እጠቀማለሁ፤ ባለቤቴ ከፋርማሲ ታመጣልኛለች፣ ሁለታችንም ስሙን ጠርተን እናወራበታለን። ሐኪሟ ዘንድ ለክትትል ስንሄድም አብራኝ የምትገባው እሷ ናት።

ቤተ ክርስቲያን የተመለስኩት ለመስቀል ነው። ያ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ማስታወቂያውን አነበበ። ስንወጣ በሩ ላይ አገኘኝ።

“ጋሼ! ጠፋህ እኮ። ሰላም ነህ?”

“ወገቤን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነበር” አልኩት።

“እንዴ! መቼ?” አለኝ። ገና አሁን እንደሚሰማ ሰው ደነገጠ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፣ “ቆመህ ስላየንህ እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። ቃሉን እንዲህ ጠበቀልኝ። እኔ ግን ዓይኑን ማየት አልቻልኩም፤ ያን ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ። ሲያነብ መሬት መሬት አያለሁ።

ልጄ በመስከረም ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ክፍሏ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“ስለዚያ መኪና…” ብዬ ጀመርኩ።

“አባዬ፣ ተወው” አለችኝ። ሹራብ እያጠፈች ነበር። “ለምን እንዳልነገርከኝ ግን ንገረኝ።”

“አፍሬ ነው” አልኳት። 

ማጠፉን አቆመች። ቃሉን በአማርኛ ፈለገች፣ አጣችው መሰለኝ፣ በስዊድንኛ ተናገረችው። እሷም አፍራ እንደነበር፤ ሐኪሟ ፊት መጠየቁ አሳፍሯት፣ ስዋሽ ገብቷት ዝም እንዳለች። ከዚያ ወደ ሹራቧ ተመለሰች። እኔ ሻንጣው እንዲዘጋ ክዳኑን ተጭኜ ያዝኩላት፣ እሷ ዚፑን ሳበችው።